የጥቅልል ሽቦው ነገርና ያልላክሁት ቀብድ

የታላቁን ልጄን የስምንተኛ ክፍል የሂሳብ ሞዴል ፈተና ወረቀት ያገኘሁት በሱቄ ውስጥ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር ተጣጥፎ ነው። በፊተኛው ገጽ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ከአንዱ በቀር በሙሉ በትክክል ተሠርተዋል፤ ወረቀቱን ስገለብጠው ግን የጀርባው ገጽ እርሳስ ያልነካው ንጹሕ ነበር። ጠርቼ ስጠይቀው አላቀረቀረም፣ አልዋሸምም። «አባዬ፣ ጀርባ እንዳለው አላየሁም» አለኝ። ለዓመታት ስንፍናና ቅብጥብጥነት እያልሁ ስቆጣበት የኖርሁትን ነገር በሌላ ዓይን ማየት የጀመርሁት ያን ቀን ነው፤ ከትምህርት ሊሸሽ የፈለገ ልጅ ከባድ ከባዱን ጥያቄ ይዘላል እንጂ ግማሽ ወረቀት ሳያይ አስረክቦ አይወጣምና።

የምኖረው ምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነው። ሥራዬ ሞተር ጥቅለላ ሲሆን የእህል ወፍጮ ሞተር፣ የመስኖ ውኃ ፓምፕ፣ አንዳንዴም የብየዳ ማሽን ሲቃጠል ወደ እኔ ይመጣል። ሐኪም አይደለሁም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያለ ልጅ ያላቸው ወላጆች «በማግኔት አንጎልን የሚያክም መሣሪያ አለ ይባላል፣ አንተ ጠይቀህ ነበር አሉ» እያሉ ስለሚደውሉልኝና ለእያንዳንዳቸው በስልክ ጨርሼ መንገር ስላቃተኝ ነው። ደግሞም ለዚህ ነገር የሱቄን ግማሽ ዕቃ ሽጬ ቀብድ ልልክ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ባሕር ዳር ወደሚገኙ አንድ የአእምሮ ሐኪም ወሰድሁት። ለምርመራው ደም አልወሰዱም፣ ራሱንም ፎቶ አላነሡትም፤ ጠየቁ፣ ደግመውም ጠየቁ። ምልክቱ ከ12 ዓመት ዕድሜው በፊት ጀምሮ እንደሆነ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ዘልቆ እንደሆነ፣ በቤት ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤትም ይታይ እንደሆነ አንድ በአንድ አነሡ፤ ከክፍል ኃላፊ መምህሩም ደብዳቤ እንድናመጣ አዘዙን። በዚያ ሰሞን መንገድ ይዘጋ ስለነበር ደብዳቤውን ይዘን የተመለስነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትን የመሰብሰብና ራስን የመግታት ችግር እንዳለበት ነገሩን። እናቱ «ከእኔ ነው ወይ ያገኘው? በእርግዝናዬ ጊዜ የበላሁት ነገር ይሆን?» ብላ ስትጠይቅ ሐኪሙ ነገሩ በዘር የሚወርድበት ዕድል ከፍተኛ መሆኑን፣ የአስተዳደግ ጉድለት የሚያመጣው ግን አለመሆኑን አስረዷት። እኔን ይበልጥ የረዳኝ ሌላ ነገር ነው። በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት የልጆችን አንጎል ለዓመታት እየደጋገሙ ፎቶ ሲያነሡ የቆዩ ተመራማሪዎች የአንጎል ቅርፊት ውፍረት ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርስበት አማካይ ዕድሜ በሌሎች ልጆች 7 ዓመት ተኩል ሲሆን ኤዲኤችዲ ባለባቸው 10 ዓመት ተኩል ሆኖ እንዳገኙት ነገሩን። መዘግየቱ ይበልጥ የጎላው ከግንባር ጀርባ ባለው፣ ሰው ራሱን በሚገታበትና ሥራውን በሚያቅድበት ክፍል ነው። ሦስት ዓመት ወደኋላ የቀረን ሰዓት ቀድሞት ከሚሄደው ጋር እያስተያየሁ ስገርፍ መኖሬን ሳስብ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እናቴ ጠበል ልውሰደው ብላ ነበርና ሐኪሙን ጠየቅናቸው። «ይሂድ፤ ክትትሉን ብቻ አያቋርጥ» አሉን፤ በዚህ ጉዳይ ቤታችን ውስጥ ጠብ አልተነሣም።

ከዚያ ወደ መድኃኒቱ መጣን። ሜቲልፌኒዴት የሚባለው መድኃኒት ከዐሥር ልጆች ሰባት ያህሉን እንደሚረዳ ሐኪሙ ነግረውናል፤ እኛ ግን ማዘዣውን ይዘን ፋርማሲ ለፋርማሲ ብንዞርም አላገኘነውም። ጆሯችን ለሌላ ነገር የተከፈተው በዚህ ክፍተት ነው። መድኃኒቱን በሱቅ በኩል ያጣ ወላጅ ከሩቅ የሚመጣን ወሬ ሁሉ ይሰማል።

ወሬውን ያመጣችው አሜሪካ ውስጥ በነርስነት የምትሠራው የወንድሜ ልጅ ናት። በዚያ አገር ኤዲኤችዲ ባለባቸው ታዳጊዎች ላይ ትራንስክራኒያል ማግኔቲክ ስቲሙሌሽን፣ ባጭሩ ቲኤምኤስ በሚባል መሣሪያ ጥናት እንደሚደረግ ነገረችኝ። መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ስትገልጽልኝ ግን ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፤ የነገረችኝ ነገር የእኔው የዕለት እንጀራ ነበርና።

ማይክል ፋራዴይ በ1831 ያሳየው ነገር እኔ በየቀኑ የምኖርበት ሕግ ነው፦ የሚለዋወጥ ማግኔት በአጠገቡ ባለ አስተላላፊ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ቲኤምኤስ ይህንኑ ራስ ቅል ላይ ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ የመዳብ ጥቅልል ራስ ላይ ይቀመጣል፤ በትልልቅ ካፓሲተሮች የተጠራቀመ ኃይል ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሺህዎች አምፔር ሆኖ በጥቅልሉ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው የማግኔት መስክ አንድ ተኩል ወይም ሁለት ቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ ነው) ያህል ሲሆን፣ ይህም ሆስፒታል ውስጥ ካለው የኤምአርአይ ማሽን ጋር የሚቀራረብ ነው። አጥንት ኤሌክትሪክን ይቃወማል፣ ማግኔትን ግን አያግደውም፤ ስለዚህ መስኩ ራስ ቅሉን አልፎ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር በሚሆን ጥልቀት ባሉት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን አንጎል በዚህ መንገድ የቀሰቀሱት እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በ1985 ናቸው። (በየመናኸሪያው የሚሸጠው «የማግኔት አምባር» ከዚህ ጋር አንዳችም ዝምድና የለውም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ማግኔት ዓመት ሙሉ ቢታሠር ኤሌክትሪክ አይቀሰቅስም፤ ይህን ለማወቅ ሞተር ጠቅላይ መሆን በቂ ነው።)

ካስገረሙኝ ነገሮች አንዱ መጠኑ የሚለካበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ጥቅልሉን እጅን በሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ክፍል ላይ ያደርጉና ኃይሉን ቀስ በቀስ እየጨመሩ አውራ ጣትን ይመለከታሉ። ከዐሥር ጊዜ ምት አምስቱን ያህል ጣት ፈንጠር እንዲል የሚያደርገው ዝቅተኛ ኃይል ለዚያ ሰው መነሻ ይሆናል፤ ሕክምናው የሚሰጠው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ልጄ ይህን ሲሰማ አውራ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየ። ቀጥሎም ከሱቁ ጥግ የተደረደረውን አሮጌ ካፓሲተር በካቻቢቴ እያመለከተ «እኛው ለምን አንሠራውም? ሽቦው አለን» አለኝ።

እዚህ ላይ ለባለሙያ አባቶች አንድ ቃል አለኝ። ሽቦ የማያውቅ ሰው ይህን ለመሞከር አይደፍርም፤ አደጋው ያለው እንደ እኔ ግማሹን በሚያውቀው ላይ ነው። ካፓሲተሮቹ የሚሞሉበት ቮልቴጅ በሺህ የሚቆጠር ስለሆነ እንኳን ሲሠራ፣ ከጠፋ በኋላም ይገድላል። ምቱ በስንት ፍጥነት፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን ያህል ዕረፍት መሰጠት እንዳለበት የሚወስነውም ልጁን እንደ የሚጥል ሕመም እንዳያንቀጠቅጠው ታስቦ በዓመታት ሥራ የተዘጋጀ መመሪያ ነው። ልጄን አስቀምጬ ይህን በዝርዝር ነገርሁት፤ ካፓሲተሮቹንም በዚያው ሳምንት ቆልፌባቸዋለሁ።

ታሪኩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ስለ ጥናቱ ስፈልግ ስፈልግ፣ ስሙን የማልጠቅሰው በሌላ አገር ያለ የግል ክሊኒክ ማስታወቂያ ስልኬ ላይ መጣ። «ለታዳጊዎች የተፈቀደ፣ ያለ መድኃኒት፣ ትኩረትን የሚመልስ» ይላል። ጽፌላቸው በማግሥቱ መለሱልኝ፤ ስለ ልጁ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ የ30 ቀን ሕክምና ዋጋና ቀብዱ የሚላክበትን ቁጥር ላኩልኝ። ሁለት የጥቅለላ ማሽኖችና አንድ የብየዳ ማሽን ለሽያጭ አቀረብሁ፤ ገዢም ተገኘ። የወንድሜ ልጅ ይህን ስትሰማ ሌሊት ደወለች። «አጎቴ፣ እባክዎ ገንዘቡን አይላኩ። መጀመሪያ የጥናቱን ወረቀት አብረን እናንብብ» አለችኝ፤ ሦስት እሑድ በስልክ እያነበበች ተረጎመችልኝ።

«የተፈቀደ» የሚለው ቃል ውሸት አልነበረም፤ ወላጅን የሚያስተው ግን እንዲህ ያለው ግማሽ እውነት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ቲኤምኤስን በ2008 ለአዋቂዎች የድባቴ ሕመም ፈቅዷል፤ በ2018 ኦሲዲ ለሚባለው ተመላላሽ የሐሳብ ጭንቀት ጨምሯል፤ በመጋቢት 2024 ደግሞ ከ15 እስከ 21 ዓመት ላሉ ወጣቶች አንዱን መሣሪያ ከሌላ ሕክምና ጋር ተደርቦ እንዲሰጥ ፈቅዷል፤ እርሱም ለድባቴ ነው። ለኤዲኤችዲ የተሰጠ ፈቃድ የለም። ክሊኒኩ የድባቴውን ፈቃድ ወስዶ በእኔ ልጅ ችግር ላይ ለጥፎት ነበር።

ታዲያ በኤዲኤችዲ ላይ ምን ተጠንቷል? ሁለት ዓይነት ሥራ እንዳለ ለይቼ ማወቄ ብዙ ግራ መጋባት አስቀርቶልኛል። አንደኛው መሣሪያውን ለማከም ሳይሆን ለመለካት ይጠቀምበታል፤ እኔ ሞተር ከመፍታቴ በፊት በቴስተር እንደማየው ማለት ነው። በ2011 በታተመ አንድ ጥናት ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ 49 ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር ተነጻጽረው፣ በእጅ እንቅስቃሴ ክፍላቸው ውስጥ ያለው የመግታት ምልክት 40 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ምልክቱ ዝቅ ባለ ቁጥርም የልጁ ችግር ከበድ ያለ ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። «ፍሬን የለውም» እያልን የምንሰድበው ልጅ ፍሬኑ በእርግጥ እንደሚላላ በመሣሪያ ታየ ማለት ነው። ይሁንና ቴስተር ጉድለቱን ያሳያል እንጂ ሞተሩን አይጠግንም።

ሁለተኛው ሥራ ሕክምናን የሚሞክረው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጣጥረው ከግንባር ጀርባ በስተቀኝ ባለው ክፍል ላይ ነው። የወንድሜ ልጅ በመጀመሪያ ያነበበችልኝ በ2012 የታተመውን ነው። የተሳተፉት ታዳጊዎችና ወጣቶች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለሁለት ሳምንት እውነተኛውን ምት፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ የሐሰቱን ወስደዋል፤ ምቱ በሰከንድ ዐሥር ጊዜ ነበር። የሐሰቱ ጥቅልል ራስ ላይ ይቀመጣል፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅም ያሰማል፣ መስኩ ግን ወደ አንጎል አይገባም። ውጤቱ ምን ሆነ? ልጆቹ ተሻሻሉ፤ በእውነተኛውም በሐሰቱም ተሻሻሉ፤ በሁለቱ መካከል የሚቆጠር ልዩነት አልተገኘም።

ይህን ስሰማ ስልኩን ይዤ ዝም አልሁ። የወፍጮ ባለቤት ሞተሩን አምጥቶ፣ እኔ ገና ክዳኑን ከፍቼ አቧራውን እንዳራገፍሁ «አሃ፣ አሁን ድምፁ ተስተካከለ» ሲለኝ ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል! ሐሰተኛ አይደለም፤ ተስፋው ነው የሚሰማው። ልጄን ክሊኒኩ ወስጄው በወሩ ተሻሽሎ ብመለስ ኖሮ «ማግኔቱ ነው ያዳነው» ብዬ በመላው ፍኖተ ሰላም አወራ ነበር፤ የሐሰቱ ጥቅልል የሌለበት ክሊኒክ እውነቱን ሊነግረኝ የሚችልበት መንገድ የለውም። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ጥናቶችም ተሠርተዋል፤ አንዳንዱ ለውጥ አየሁ ይላል፣ ሌላው አላየሁም ይላል፤ ካነበበችልኝ ብዙዎቹ ተሳታፊዎቻቸው ጥቂት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ተስፋ አልቆረጡም፤ እኔም ተስፋ ቁረጡ አልልም። ግን የሚጠና ነገር እንጂ የሚሸጥ ነገር አይደለም ገና።

በጥናት ለመሳተፍ የሚያስቡ፣ በተለይም በውጭ አገር ዘመድ ያላቸውና እዚያው ያሉ ወገኖቻችን የሚከተለውን ይወቁ። በሕግ የሚሠራ ጥናት ከተሳታፊ የሕክምና ዋጋ አያስከፍልም ብለን ብንነሣ ብዙ አንሳሳትም፤ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ልብ ማለት ይገባል። ልጁ የሚጥል ሕመም ወይም በቤተሰቡ የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ፣ ራሱ ውስጥ ብረት ወይም የመስሚያ ተከላ እንዳለው፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ሌሊት በቂ እንቅልፍ ማግኘቱን ሳይጠይቅ ጥቅልል የሚያስቀምጥ ሰው ዘንድ መቅረብ አይገባም፤ እንቅልፍ ማጣት አንዱ መንቀጥቀጥን የሚያቀርብ ነገር ነውና። መንቀጥቀጡ የሚያጋጥመው ከሺህ ሰው ከአንድ ባነሰ ቁጥር ሲሆን፣ የተለመደው ጉዳት ራስ ምታትና ጥቅልሉ ባረፈበት ቦታ የሚሰማ ሕመም ነው። ድምፁ ኃይለኛ ስለሆነ የጆሮ መድፈኛ ግዴታ ነው። ሕክምናው የሚሰጠው በሳምንት አምስት ቀን ለብዙ ሳምንታት ስለሆነ ቤታቸው ሩቅ ለሆኑ ሰዎች ከመጀመሪያውም ከባድ ነው፤ ለእኛ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ለወር አንድ ቀጠሮ መመላለስ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ይህን ይረዳዋል።

ሌላው የልጁ ፈቃድ ነው። ለአቅመ አዳም ያልደረሰን ልጅ የሚያሳትፍ ጥናት የወላጅን ፊርማ ብቻ ሳይሆን የልጁንም እሺታ ይጠይቃል። የወንድሜ ልጅ ይህን ስትነግረን ልጄ ስልኩን ከእጄ ወስዶ «ከጀመርሁ በኋላ ቢያመኝ ማቆም እችላለሁ?» ብሎ ጠየቃት። «በፈለግህበት ሰዓት፤ ለምን ብሎ የሚቆጣህም የለም» አለችው። ማሽኖቼን ልሸጥ ስስማማ ይህን አንድ ጥያቄ ልጄን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ማሽኖቹን አልሸጥሁም። የዘጠኙ ልጆች ታሪክ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ በሐሰቱ ጥቅልል ሥር የተቀመጡት ልጆች ማግኔት ካላገኙ ምን አገኙ? ይህ የእኔ ግምት እንጂ የጥናቱ ቃል አይደለም፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ተቀምጠው፣ አንድ አዋቂ ሰው ሳይቆጣቸው እንዴት ዋልህ እያለ ሲከታተላቸው ሰነበቱ። ለሐኪሙ ይህን ስነግራቸው ሳቁና «እርሱንማ ያለ ማሽንም መስጠት ይቻላል» አሉኝ። በእርሳቸው ምክር መሠረት ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ተኩል ሱቁ ውስጥ አብረን እንቀመጣለን። የቤት ሥራውን በትንንሹ እየቆረጥን እንይዛለን፤ አሥር ደቂቃ ይሠራል፣ ተነሥቶ አንድ ሽቦ ይጠቀልልልኛል፣ ይመለሳል። ዙሩን ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ማድረግ ከሁሉ በልጦ ጠቅሞታል፤ ዝም ብሎ ሲቆጥር ከ40 አያልፍም፣ በድምፅ ሲቆጥር ግን 120 ዙር ሳይስት ጠቅልሏል። መምህሩም ከፊት ወንበር አስቀምጠውታል፤ የፈተና ወረቀት ሲሰጡትም በጣታቸው ገልበጥ አድርገው ጀርባውን ያሳዩታል። ይህች የጣት ምልክት ምንም ዋጋ የላትም፤ የሚኒስትሪ ፈተናውን ካለፈባቸው ምክንያቶች አንዷ ግን እርሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አልልም። መድኃኒቱን ከብዙ ፍለጋ በኋላ በሐኪሙ በኩል አግኝተን በዝቅተኛ መጠን ጀምሯል፤ ምግብ ሲቀንስበት መጠኑን አስተካከሉለት። ትናንት ያጠበውን ፓምፕ ሲገጥም አራተኛውን ብሎን ረስቶ ደንበኛ ቆጥቶብናል። ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ አዲስ ጥናት ወጣ ብላ ስትደውል ልጄ ስልኩን ቀድሞኝ አነሣ። «ስንት ልጆች ናቸው? የሐሰት ጥቅልል አለበት?» ብሎ ጠየቃት፤ መልሷን ሰምቶ ሳይጨርስ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ፒንሳውን ፍለጋ ወጣ።